በሰፌድ እጅ የተጫወትናት ፍሊፐር

ይንገሩን ያሉኝ የልጅ ልጆቼ ናቸው። ኩታበር ልጄ ቤት ልከርም ሄጄ፣ ዝናቡ ከደጅ አላስወጣ ብሎን፣ እነሱ አንዲት ስልክ ላይ ራስ ለራስ ገጥመው ጣታቸውን ሲያሯሩጡ ዋሉ። ስልኳ ትጮሃለች፣ እነሱ ይጮሃሉ። እኔ ከጎናቸው ባቄላ እየለቀምኩ ሳያቸው ትልቋ ቀና አለችና፣

«እማማ፣ ልጅ ሳሉ በምን ነበር የሚጫወቱት? በጭቃ ነው አይደል?» አለችኝ።

«በማሽን ነው» አልኳት።

ሳቁብኝ። ታናሽየውማ ከሳቁ ብዛት ስልኩን ከእጁ ጣለ። «ማሽን? ያውም ያኔ? ያውም ቦረና?»

«ያውም ያኔ። ያውም ወሎ ቦረና፣ መካነ ሰላም፣ ከገበያው አፋፍ ላይ።»

አላመኑኝም። ልጅ፣ አያቱ አያት ሆና የተወለደች ነው የሚመስለው። እኔ ደግሞ ገና በትር የሚያስይዝ ዕድሜ ላይ አይደለሁም፤ በልጅነቷ የተዳረች፣ ልጇም እንደ እሷ በጊዜ የወለደች ሴት፣ አያት ለመባል ፀጉሯ እስኪነጣ አትጠብቅም። ክረምቱን ኩታበር፣ መኸሩን አጅባር፣ በጋውን ከላላ እያልኩ ከአንዱ ልጄ ቤት ወደ ሌላው እዞራለሁ። «አንድ ቦታ ይረፉ እንጂ» ይሉኛል። እረፊ በተባልኩበት ቦታ አርፌ አላውቅም።

በአፌ ብነግራቸው ያቋርጡኛል፤ ወረቀት ግን አይቋረጥም ብዬ ጻፍኩት። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል ያወቅሁበት መንገድ ራሱ ይኸው የማሽኗ ነገር ነው። አጻጻፌ እንደ ተማረ ሰው ባይሆን ይቅርታ አልጠይቅበትም፤ ፊደሉን ማንም እንኪ ብሎ አልሰጠኝም።

መንግሥት የተለወጠ በዓመቱ ይመስለኛል፤ መንገዱ ተከፍቶ መኪና እንደ ልቡ መመላለስ የጀመረበት ጊዜ ነው። ከገበያው በላይ፣ አውቶቡስ ከሚቆምበት ፊት ለፊት አንድ ሻይ ቤት ነበር። ባለቤቱን ሁላችንም ጋሼ እንላቸው ነበር። በወጣትነታቸው የጭነት መኪና ረዳት ሆነው አገር የዞሩ፣ ሌላ ከተማ ያዩትን ሁሉ መካነ ሰላም ላይ ካላየሁ የሚሉ ሰው ነበሩ። ደሴ አንድ የቆየ ቡና ቤት ሊዘጋ ነው፣ ዕቃው ይሸጣል ሲባል ሄዱና፣ ሰው ወንበር ሲገዛ እሳቸው ሳጥን ገዝተው መጡ። ከጨው ጆንያና ከቆርቆሮ መሀል ተጋድማ፣ በገመድ ታስራ ስትወርድ፣ ሬሳ የመጣ መስሎን ሰብሰብ አልን።

«ይህች ፍሊፐር ትባላለች» አሉ ጋሼ፣ አቧራዋን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ። «ደሴ ላይ ዐይኗ ሲበራ፣ ደወሏ ሲጮህ ብታዩ! ጎረምሳው ተሰልፎ ነው የሚጠብቃት።»

መስታወቷ መንገድ ላይ ረግፎ አልቋል። እግሮቿ ደሴ ይቅሩ መኪናው ላይ ይረሱ፣ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ጋሼ ጀርባዋን መደቡ ላይ አሳረፉት፤ ፊቷን ደግሞ ደራርበው ባጋደሟቸው አሮጌ የመኪና ጎማዎች ላይ። ከኋላዋ እንደ መስኮት የቆመ ሥዕል ነበራት፤ ቁምጣ የለበሰች ነጭ ሴት ፈረስ ላይ ተቀምጣ ትስቃለች። ጋሼ ሥዕሉን አዩ፣ ወደ መስጊዱ አዩ፣ ከዚያ የሚስታቸውን አሮጌ ሻሽ አምጥተው በምስማር መቱባት።

መብራት ያኔ እኛ ሰፈር አልደረሰም። ጋሼ ይህ አልጠፋቸውም። ግን ሬዲዮም ደሴ ላይ በመብራት ይሠራል፣ እኛ ዘንድ በባትሪ ድንጋይ ይሠራል፤ ይህችም ያው ናት ብለው ነው የገዟት። ለሬዲዮ ጥቂት ድንጋይ ከበቃው ለዚህ ሁሉ ሆድ ብዙ ያስፈልጋል አሉና ከየሱቁ ገዙ፣ ያለቀበትን ከየቤቱ ለመኑ። የለመኑትን ፀሐይ ላይ አሰጡት፤ የደከመ ባትሪ ፀሐይ ሲሞቅ ነፍስ ይዘራል ይባል ነበር፣ ይዘራምም ነበር። ከዚያ ሸምበቆ ውስጥ ደርድረው፣ በሽቦ አስረው፣ ቢስሚላህ ብለው አገናኙት።

ሳጥኗ ጭጭ።

«ጋሼ፣ ጾም ይዛ ይሆናል፤ መግሪብ እስኪል ይጠብቋት!» አለ አንዱ ከበሩ።

«የደሴ ልጅ ናት፤ የኛ ብርድ አፏን ይዟት ነው» አለ ሌላው።

ጋሼ ሽቦውን እየፈቱ እያሰሩ ሰነበቱ። ጾሟን ሳትፈታ መግሪብም አለፈ፣ ወሩም አለፈ። በመጨረሻ ተስፋ ቆረጡና ብርጭቆ ያስቀምጡባት ጀመር።

እኔ ለሻይ ቤቱ ውሃ አመላላሽ ነበርኩ። ከቄሱ ልጅ ጋር፤ ጓደኛዬ ናት። ምንጭ ወርደን፣ ጀሪካን ተሸክመን፣ አቀበቱን እየተሳደብን እንወጣለን። ከቤታችን አንድ ልጅ ይማር ተባለና የተማረው ታላቅ ወንድሜ ነው። «ፊደል አስተምረኝ» ስለው፣

«ለጀሪካን ፊደል ምን ያደርግለታል?» ይለኛል።

«ለደብተር ተሸካሚስ ምን አደረገለት? ዘንድሮም እዚያው ክፍል ነህ» እለዋለሁ። ያባርረኛል፤ አይደርስብኝም።

አንድ ጠዋት ውሃውን ገልብጬ፣ ጋሼ ስኳር ሊገዙ ወጣ ሲሉ፣ ብርጭቆዎቹን ገፋ አደረግሁና በሳጥኗ ጎን ያለውን እጀታ ሳብኩት። ሞላ ነው፤ ይሳባል፣ ሲለቁት ይመለሳል። ካስማ የተተከለበት፣ ላስቲክ የተወጠረበት ተዳፋት ሰሌዳዋ ጥግ ላይ አንዲት የብረት ኳስ ተሸጉጣለች፣ ከኩሽኔታ ውስጥ እንደሚወጣው ዓይነት የምታበራ። ከሞላው ፊት አስቀመጥኳትና ለቀቅሁት። ሽው ብላ ወጣች። ከላይ ዞረች፤ ከዚያ ከካስማ ካስማ እየተጋጨች፣ ላስቲኩ እየመለሳት፣ ቅል ቅል እያለች ወረደች። ከግርጌ ሁለት ትንንሽ ክንፎች አሉ፣ አይንቀሳቀሱም። በክንፎቹ መሀል ቀዳዳ አለ። ኳሷ እዚያ ገብታ ጠፋች።

እጄን ሰድጄ አወጣኋትና እንደገና ለቀቅኋት። ወደ ቀዳዳው ስትወርድ፣ እኔ ሳላዘው እጄ ሳጥኗን ከሥር ደግፎ ቅንጣት ታህል ከፍ አደረጋት። ጎማው ለስላሳ ነው፤ ሳጥኗ ዘመም አለች። ኳሷም ሐሳቧን የቀየረች ይመስል ወደ ጎን ሸሸች። ጓደኛዬ ይህን ስታይ ጀሪካኗን መሬት ጣለችና ሌላውን ጎን ያዘች። እኔ ስሰድላት እሷ ትመልሳለች፤ እሷ ስትሰድ እኔ እመልሳለሁ።

እዚህ ላይ ሰፌድ ይዞ የማያውቅ ሰው አይገባውም። ምስር ስታንገዋልል ሰፌዱን አትገፋውም፣ አትመታውም። ታዳምጠዋለህ። ጠጠሩ የሚሄድበትን ከመሄዱ በፊት እጅህ ያውቃል፤ በአውራ ጣትህ ትንሽ ስታነሳው ፍሬው ወዲህ፣ ጠጠሩ ወዲያ ይሆናል። እኔና ጓደኛዬ መቆም ከቻልንበት ቀን ጀምሮ ከእጃችን ያልወጣው ሰፌድ ነው። ኳሷ ለኛ አንዲት ጠጠር ናት። ልዩነቱ ጠጠርን ለማውጣት ነው የሚለፋው፤ እሷን ግን እንዳትወጣ።

ጋሼ ስኳራቸውን ይዘው ሲመለሱ በር ላይ ቆመው ቀሩ። ይቆጡናል ብለን ስንጠብቅ፣

«ወላሂ ነፍስ ዘራች!» አሉ። ብርጭቆዎቻቸውን ራሳቸው አነሱ። «ያስነሣችኋት እናንተ ናችሁ፤ ውሃ ባመጣችሁ ቁጥር ተጫወቱ። ሌላው ሻይ ጠጥቶ ይጫወታል።»

ወሬው ትምህርት ቤት ደረሰ። ወንዶቹ ደብተራቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው መጡ። እጀታውን ባላቸው ጉልበት ሁሉ ይስቡታል። መስታወት የላትም፤ ኳሷ ዘላ ሰው ጭን ላይ፣ አንድ ጊዜማ ከአጅባር የመጣ የከብት ነጋዴ ሻይ ውስጥ ገባች። ሰውየው ብርጭቆውን አየና «ስኳሩ ትንሽ በዛ» አለ። ኳሷ ስትወርድባቸው ደግሞ ሳጥኗን በጡጫ ይሏታል፣ በርግጫ ይሏታል። ብረት ዱላ ይፈራል? ቀጥ ብላ ቀዳዳዋ።

ማን አሸነፈ የሚለው ጠብ ሆነ። ሰዓት ያለው የለም። አንዱ «እኔ ነኝ ብዙ የቆየሁ» ሲል ሌላው «ዐይኔ እያየ!» ይላል። መላውን ያመጣው ወንድሜ ነው፤ ይህን አልክደውም። ጠርዙ የተበላ የፊደል ገበታ ከየትም አምጥቶ ከሻሹ አጠገብ ግድግዳው ላይ ሰቀለ። አንዱ ሲጫወት ሌላው በዘንግ እያመለከተ፣ ጮክ ብሎ፣ ከ«ሀ» ጀምሮ ይቆጥራል። ኳሷ ስትወድቅ ዘንጉ ያለበት ፊደል ያ ሰው የደረሰበት ነው። ከዚያ በኋላ የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ የሚታወቀው በፊደሉ ሆነ። «እሱ? እሱ እኮ ሐ ነው፤ ምን አፍ አለው!» ይባላል።

አብዛኞቹ ከ«መ» አላለፉም። ወንድሜ አንዴ «ሰ» ደርሶ ቤታችንን ሲያውክ ሰነበተ። እኔና ጓደኛዬ ስንይዛት ግን ዘንጉ ወደ ታች ይወርዳል፤ «ቀ»ን ያልፋል፣ «በ»ን ያልፋል፣ «ተ»ን ያልፋል፤ የቆጣሪው አፍ ይደርቃል።

ያኔ አንድ ነገር ገባኝ። እኔ ኳሷን ባቆየኋት መጠን እነሱ ፊደሉን ሊያነቡልኝ ግድ ሆነባቸው። ለዓመት ለምኜ እንቢ የተባልኩትን አሁን እየጮሁ ይሰጡኛል። ዐይኔን ከኳሷ ሳላነሳ ጆሮዬን ለነሱ ሰጠሁ። ተራዬ ሲያልቅ ገበታው ሥር ቆሜ ድምፁን ከመልኩ ጋር አገናኛለሁ። ምንጭ ወርጄ ጀሪካኑ እስኪሞላ ጭቃው ላይ በጣቴ እጽፈዋለሁ። ጓደኛዬ «ምን እየሞነጫጨርሽ ነው?» ትለኛለች፤ አሳያታለሁ፤ እሷም ትሞነጫጭራለች። ኳሷ የወደቀችበት ፊደል ላይ ትምህርቴም ይቆማል። ከዚያ በታች ያለው ለኔ ጨለማ ነው።

«ከ» ስደርስ ወንድሜ ነቃብኝ። ገበታው ፊት ቆሜ ከንፈሬን ሳንቀሳቅስ አገኘኝ።

«አንቺ! ፊደል እየሰረቅሽ ነው!»

«አልሰረቅሁም። ኳሷን ያቆየው የማን እጅ ነው? ያንተ እጅ ቢሆን ኖሮ ገና ሐ ላይ ነበርን።»

ጓደኞቹ ሳቁበት። ያ ሳቅ ነው ነገሩን ያመጣው። በማግስቱ ወንዶቹ ተሰብስበው ቅሬው ዘንድ ሄዱ። ቅሬ ማለት ቀብሩንም ሠርጉንም ጥሉንም የሚይዝ የሰፈራችን ማኅበር ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ይቀመጥበታል፤ የቅሬ ቃል ከወጣ ወዲያ የሚመልሰው የለም። ክሳቸው አጭር ነበር፤ ሴት ልጅ ሻይ ቤት መቆም ነውር ነው፣ ሴቶቹ ከሳጥኗ ይራቁ፣ ውሃቸውን ደጅ አስቀምጠው ይመለሱ።

እናቴ ሰምታ ወገቤን ይዛ፣ «ተይው የኔ ልጅ፣ ስም ያወጣብሻል» አለችኝ።

«እማ፣ ግማሽ ፊደል ይዤ የት እገባለሁ?» አልኳት። ተነሥታ ነጠላዬን አጥባ አሰጣችልኝ። ነገ ሽማግሌ ፊት የምትቆም ልጅ ንጹህ ትልበስ ማለቷ ነው፤ እናቴ ስትፈቅድ እንዲህ ነበር የምትፈቅደው።

ሽማግሌዎቹ ፀሐይ ዘወር ስትል፣ ከዐስር ሰላት በኋላ ሻይ ቤቱ ድረስ መጡ። ሳያዩ መፍረድ አይሆንም ያሉት ሸሁ ናቸው፤ የሰፈሩን ልጆች ቁርኣን የሚያስቀሩ፣ ንባቡን የሚያስተምሩ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሽማግሌ። ከጎናቸው ቄሱ ተቀመጡ፣ የጓደኛዬ አባት። ሌሎቹ ግድግዳውን ይዘው ተደረደሩ። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ እኔና ጓደኛዬ ከበሩ ጥግ።

«ይህ ነገር ምንድን ነው?» አሉ ሸሁ።

«ጨዋታ ነው፣ አባባ ሸህ» አሉ ጋሼ።

«ከሻሹ በታች ያለችውስ?»

ጋሼ ላብ ላብ አላቸው። «እሷ... እንግዳ ናት። ብርድ እንዳይመታት ነው።»

ቄሱ ያሳላቸው መስለው ሳቁ። ወንድሜ ተነሣና እጁን አጣምሮ፣ ትምህርት ቤት እንደለመደው፣ በደንብ ተናገረ። ሴቶቹ ሻይ ቤት ይውላሉ አለ። ሰው ፊት ይወዛወዛሉ አለ። ደግሞም ነገሩ ቁማር ስለሚመስል ለሴት አይሆንም አለ። በየመሀሉ እኔን ያየኛል።

ሴት ልጅ ሳትጠየቅ ቅሬ ፊት አትናገርም። ይህን አውቃለሁ። ተናገርኩ።

«አባባ ሸህ፣ ቁማር ከሆነ ለወንዶቹም ሐራም ነው፤ ይሰበር። ጨዋታ ከሆነ ለእኛም ሐላል ነው። አንዲት ሳጥን በወንድ እጅ ጨዋታ፣ በሴት እጅ ቁማር እንዴት ትሆናለች?»

ጋሼ «ይሰበር» የምትለዋን ቃል ሰምተው ፊታቸው አመድ መሰለ። ከግድግዳው አንድ ሽማግሌ፣

«አፍ አላት! መወዛወዙስ? እሱንም ሐላል በይና!» አሉኝ።

«ሰፌድ ስንይዝም እንዲሁ ነው የምንወዛወዘው፣ አባባ። ትናንት የበሉትን ምስር ማን አንገዋለለልዎ? ጠጠር ነከሱበት?»

ሸሁ ጉንጫቸውን ዳበስ አደረጉ። «እኔስ ነክሻለሁ» አሉ።

«እንግዲያው የእኛ ቤት ምስር አይደለማ!»

ሳቁ። ሽማግሌ ሲስቅ አየሩ ይለወጣል። ወንድሜ ግን አልሳቀም። ሸሁ በበትራቸው ሳጥኗን አመለከቱና «እስቲ አሳዩን። ልጁ ይቁጠር» አሉ።

ጓደኛዬ በኩሏ ያለውን ጎን ያዘች። «አባቴ ያየኛል» አለችኝ በሹክሹክታ። «ይይሽ» አልኳት። ሞላውን ሳብኩ።

ኳሷ ወጣች፣ ዞረች፣ መውረድ ጀመረች። ወንድሜ ዘንጉን አንሥቶ ጀመረ። አቆጣጠሩ ግን ሌላ ሆነ። «ሀ...» ይልና ይውጣል። «ሁ...» ይልና ጉሮሮውን ይጠርጋል። የሚዘገየው ብዙ ፊደል ሳይቆጥር ኳሷ እንድትወድቅ ነው። ክንዴ እየዛለ «ቶሎ በል!» ብዬ ጮህኩበት። ሸሁ ቀና አሉ፤

«አንተ ልጅ፣ የተማርከው አንተ ነህ ወይስ እሷ? ፊደሉ ከበደህ?»

ደንግጦ መሮጥ ጀመረ። «መሙሚ፣ ሠሡሢ፣ ረሩሪ...» እያለ። ኳሷ ከቀኝ ግራ፣ ከግራ ቀኝ። «ቀ» ታለፈ። ግድግዳው ሥር ያሉት ሽማግሌዎች አንገታቸውን አሰገጉ። «አ» ታለፈ። አንደኛው በጉልበቱ ተንበረከከ። ኳሷ ቀዳዳው አፋፍ ላይ ቆማ ስታመነታ ቄሱ ጭራቸውን ይዘው ብድግ አሉና፣

«ወዲህ! ወዲህ ልጄ! ቀኙን አንሺው እንጂ!» ብለው ልጃቸው ላይ ጮሁ። ልጃቸው አነሣችው። ኳሷ ተመለሰች። «ከ» ታለፈ። ከዚያ በታች ያለውን ድምፅ ሰምቼው አላውቅም፤ ወ፣ ዐ፣ ዘ፣ እንግዳ ሰው በበር እንደሚገባ አንድ በአንድ ይገቡ ጀመር። «ጠ» ላይ ላቤ ዐይኔ ገባና ኳሷ አመለጠችኝ።

«አወይ!» አሉ ሸሁ፣ ጭናቸውን መትተው። ከዚያ ሰው እያያቸው እንደሆነ ትዝ አላቸውና መቁጠሪያቸውን ፈለጉ።

ሽማግሌዎቹ ደጅ ወጥተው ተማከሩ። ጓደኛዬ እጄን ይዛ ነበር፤ የማን እጅ ላብ እንደሆነ አልለየንም። ተመልሰው ሲገቡ የተናገሩት ሸሁ ናቸው።

«ማንም ምንም እስካላስያዘባት ድረስ ጨዋታ ናት። ጨዋታ ከሆነች ለአንዱ ተፈቅዳ ለሌላው አትከለከልም። ቆማሪ የገባባት ዕለት ግን በዚች በትር እኔ ራሴ እሰብራታለሁ። ሴቶቹ ውሃቸውን አምጥተው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተጫውተው ወደ ቤታቸው ይሂዱ።» ወደ ወንድሜ ዞሩ። «አንተም ስትቆጥር አስተካክለህ ቁጠር። ፊደል አያልቅብህም።»

የዚያን ቀን ምሽት ወንድሜ አላናገረኝም። እኔም አላባበልኩትም። ሰው እንዳሸነፈ አንገቱን እንዲደፋ ይጠበቃል፤ ያውም ሴት ከሆነች። አልደፋሁም። ዛሬ ድረስ አንዳንድ ዘመድ «ያኔ ቅሬ ፊት የተናገርሽው ድፍረት ነበር» ይለኛል፣ ይጸጽተኝ እንደሆነ ለማየት። ድፍረት ነበር። ዛሬም ቢሆን እላለሁ፤ ትንሽ ጮክ ብዬ ብቻ።

«ፐ» የደረስነው ሽማግሌ ባልነበረበት ቀን ነው። ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ ሻይ ቤቱ ጭር ብሎ፣ ዘንጉን የያዘው ወንድሜ ነበር። ከ«ጠ» አለፍን። «ጸ»፣ «ፀ»፣ «ፈ»። የመጨረሻውን መስመር አንብቦ ሲጨርስ፣ ከገበታው ሥር የሚቀጥል ፊደል ያለ ይመስል ግድግዳውን ወደ ታች አየው። ኳሷ ገና እየዞረች ነው።

«አለቀ» አለኝ።

«ከሀ ጀምር» አልኩት።

ትንሽ አየኝና ጀመረ። ይህን ጊዜ ግን ቀስ ብሎ፣ እያንዳንዱን እያሳየኝ። ከዚያ ቀን ወዲያ ፊደል ስጠይቀው እንቢ ብሎኝ አያውቅም። ጀሪካን ማለቱን ግን አልተወም፤ እኔም ደብተር ተሸካሚ ማለቴን።

ሳጥኗ ብዙ አልቆየችም። የክረምቱ እርጥበት ሰሌዳዋን አሳበጠው፣ ካስማው መውለቅ ጀመረ፣ ጋሼም ታመሙና ሻይ ቤቱ ተዘጋ። እኔ ከላላ ተዳርኩ። ጓደኛዬ ወደ አባቷ ዘመዶች አገር ሄደች፤ የት እንዳለች አላውቅም፤ የትም ትሁን ስሟን መጻፍ ታውቃለች። እኔ ልጆቼን ፊደል ያስቆጠርኩት ራሴ ነኝ፣ ትምህርት ቤት ሳይገቡ። ማታ ማታም ስለ ሳጥኗ ነገርኳቸው፤ አያያዙን፣ አነሣሡን፣ ኳሷን እንዴት እንደሚያዳምጧት። ሰፌድ ይዘን በሽንብራ ፍሬ አሳየኋቸው።

አጅባር ያለችው ልጄ ከዓመታት በኋላ ጂዳ ሄዳ ሰው ቤት ሠራች። ስትመለስ ሻንጣዋን ሳትፈታ የነገረችኝ ይህንን ነው። የአሠሪዎቿን ልጆች ወደ አንድ ትልቅ የመጫወቻ ቤት ትወስዳቸው ነበር። አንድ ቀን ከማሽኖቹ መሀል አንዲቱን አየች፤ ሰሌዳዋ ተዳፋት፣ ኳሷ ብረት፣ ከጎኗ እጀታ። ወዲያው አወቀቻት። ልጆቹን «ዞር በሉ፣ የዚህችን ነገር እናቴ ታውቀዋለች» አለቻቸውና ሞላውን ሳበች። ኳሷ ስትወርድ፣ እኔ እንዳስተማርኳት፣ ሳጥኗን ከሥር ይዛ ከፍ አደረገቻት። መብራቱ ሁሉ ድርግም አለ። ደወሉ ቆመ። ኳሷ ያለ ከልካይ ቀዳዳዋ ገባች። ልጆቹ አለቀሱ።

«ያሳፈርኩሽ መስሎኝ ነበር፣ እማዬ» አለችኝ።

«ማን ያፍራል? እኔ እዚያ ፊት ብሆን ሁለተኛም አነሣት ነበር» አልኳት። የምሬን ነው። በዚያች አነሣስ የተቆጠረ ፊደል ነው ይህን ሁሉ የሚጽፈው።

ማሽኖቹን የሚጠብቀው ሱዳናዊ እየሳቀ መጥቶ ነገሩን አስረዳት። እነዚያ ሁለት ክንፎች በመብራት ይመታሉ፤ ኳሷን የሚመልሱት እነሱ ናቸው፤ ሰው ሳጥኗን መንካት የለበትም። ሠሪዎቹም ለዚህ ብለው በሆዷ ውስጥ አንዲት የብረት እንጥልጥል፣ ዙሪያዋን ቀለበት አድርገው ሰቅለዋል፤ ሳጥኗን ያነሣ ወይም ያዘመመ ሰው ካለ እንጥልጥሏ ቀለበቱን ትነካና ጨዋታው ያበቃል፣ ያነሣውም አታሏል ተብሎ ይሸነፋል። ያለ እሷ የተሠራች ሳጥን የለችም አላት። በኛይቱም ሆድ ውስጥ ተንጠልጥላ ነበር ማለት ነው፤ መብራት ስላልነበረ እንጂ ገና ሀ ሳይባል ታስቆመን ነበር።